አንድ ጀሪካን ውኃ፦ የመኪና ጎማ ዳዶ ምን ያህል ይጠብቃል?

ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከመኪና መውረድ አያሰኝም። እኔ ግን በአንድ የሐምሌ ምሽት የኮሮላዬ የኋላ ጎማ ተንፍሶ ሳልወድ ወረድኩ። ክሪክ አለ፣ መፍቻ አለ፣ ተቀያሪ ጎማውም አየር ሞልቶታል። ምን ጎደለኝ ብዬ መፍቻውን ዳዶው ላይ ሰክቼ ሳብኩ። ንቅንቅ አላለም። ቆሜ ረገጥኩት፤ ያው ነው። ከሦስት ቀን በፊት አንድ ጎሚስታ በአየር በሚሠራ መፍቻ «ጥርርር» አድርጎ ያሰረው ጎማ ነበር።

ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ቆመልኝ። ረዳቱ ቁመቱን የሚያህል ቱቦ ይዞ ወረደና «ጋሼ፣ ዞር ይበሉ» ብሎ ቱቦውን መፍቻው ላይ ሰክቶ ተጫነው። አራቱ ዳዶዎች እየጮኹ ተፈቱ። አምስተኛው ከነብሎኑ ተቀንጥሶ መሬት ወደቀ። ልጁ ስባሪውን አንስቶ በባትሪ እያየ፣ «ይሄን ያሰረው ሰው ሲኖትራክ መስሎት ነው» አለኝ።

የላላ ዳዶ አደገኛ መሆኑን ያልሰማ ሹፌር የለም። ከመጠን በላይ የጠበቀ ዳዶ ግን ጥንቃቄ ይመስለናል። «በደንብ አጥብቀው!» ስንል «በደንብ» ምን ያህል እንደሆነ አንናገርም፤ የሚያጠብቀውም አይጠይቀንም። ማጥበቅ ልክ አለው፣ ልኩም በኪሎና በሴንቲ ሜትር ይለካል። ይህ ጽሑፍ ልኩን ከየት እንደሚያገኙት፣ እንዴት እንደሚያጠብቁና የመለኪያ መፍቻ በሌለበት ምን እንደሚያደርጉ በቅደም ተከተል ያሳይዎታል።

ከመጀመራችን በፊት በቃላት እንስማማ። «የጎማ ብሎን» ስንል ሁለት ነገር እንደባልቃለን። እዚህ ብሎን የምለው ከሞዞው፣ ማለትም ጎማው ከሚታሰርበት ተሽከርካሪ አካል፣ ወጥቶ የቆመውን ባለ ጥርስ ዘንግ ነው። ዳዶ የምለው ደግሞ በላዩ እየተሽከረከረ ቸርኬውን የሚያስረውን ነው።

ዳዶ ለምን ልክ አስፈለገው?

ብሎን ብረት ቢሆንም ዳዶው ሲጠብቅበት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። መለጠጡ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ግን እሱ ነው። የተለጠጠው ብሎን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲታገል ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። መኪናው ሲነሳ፣ ሲቆምና ሲታጠፍ ጎማው ከቦታው እንዳይንሸራተት በዋናነት የሚይዘው ሁለቱ ገጾች ተጣብቀው የሚፈጥሩት ሰበቃ ነው።

ኃይሉ ቀላል አይምሰልዎ። በኮሮላ ላይ በልኩ የጠበቀ አንድ ዳዶ ቸርኬውን ወደ 4 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይጫነዋል። ቪትዝ 1 ቶን ገደማ እንደምትመዝን ካሰቡ፣ በአንዲት ዳዶ ላይ አራት ቪትዝ ተደራርበው ቢቀመጡ ማለት ነው።

ዳዶው ሲላላ ይህ ጫና ይጠፋል። ቸርኬው በትንሽ በትንሹ ይንሸራተታል፤ የብሎኑ ቀዳዳ እየሰፋ ይሞላለላል፤ ብሎኑም ሽቦ እያጠፉና እያቃኑ እንደሚበጥሱት ሁሉ ወዲያና ወዲህ እየተወላገደ ይበጠሳል። አንዱ ሲበጠስ የሱ ሸክም ለቀሪዎቹ ይተርፋል። ጎማ ወልቆ መንገድ ለመንገድ ሲንከባለል የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ከልክ በላይ ሲጠብቅስ? የካልሲ ላስቲክ አንዴ ከልኩ በላይ ከተሳበ በኋላ እግር መያዝ ያቆማል። ብሎንም እንደዚያው ነው፤ ከአቅሙ በላይ ከተለጠጠ ወደ ልኩ አይመለስም። ከላይ ሲያዩት ጥብቅ ነው፤ ውስጡ ግን ደክሟል። ጥርሱ ይበላል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ መቀመጫው ይጎዳል። አንዱ በጣም ጠብቆ ሌላው ሲላላ ደግሞ የፍሬን ዲስኩ ሊጣመምና ፍሬን ሲይዙ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ እርስዎ በሌሊት መንገድ ዳር ሊፈቱት አይችሉም። ሲበዛ ማርም ይመራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በመፍቻ ከምናወጣው ጉልበት ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው አሥር በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ ዳዶው ከቸርኬው ጋር ሲፋተግ፣ አርባ በመቶው ደግሞ ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ ያልቃል። ስለዚህ ጥርሱ የዛገ ከሆነ መፍቻው ልኩን ሲያሳይ ብሎኑ ገና አልተለጠጠም። ዘይት ወይም ግሪስ ከተቀባ ደግሞ ፍትጊያው ይቀንስና በዚያው ልክ ሲያጠብቁት ብሎኑ ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል። አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለንጹሕና ለደረቅ ጥርስ ነው። መመሪያው ቀቡ ካላለ አይቀቡ።

ልኩ ስንት ነው?

የማጥበቂያ ልክ በኒውተን ሜትር ይነገራል። ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ጥቂት ምሳሌዎች እነሆ፦

- ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ፦ 103 ኒውተን ሜትር
- ሱዙኪ ስዊፍትና ዲዛየር፦ እንደ ሥሪት ዘመናቸው ከ85 እስከ 100
- አብዛኞቹ የሆንዳ የቤት መኪኖች፦ 108
- ላንድክሩዘር 200፦ በአሉሚኒየም ቸርኬ 131፣ በብረት ቸርኬ 209
- የጥንቷ ላዳ፦ ከ60 እስከ 70 አካባቢ
- ባለ ዐሥር ብሎን ከባድ የጭነት መኪኖች፦ ከ500 በላይ

የላንድክሩዘሩን መስመር ደግመው ይዩት። መኪናው አንድ ነው፤ ቸርኬው ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል። «የጓደኛዬ መኪና ላይ እንዲህ ነው» ብሎ መገመት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

የራስዎን መኪና ቁጥር የሚያገኙት ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ በሚቀመጠው መጽሐፍ ነው፤ ስለ ጎማ ቅያሬ የሚያወራውን ክፍል ይክፈቱ። መጽሐፉ በጃፓንኛ ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ። ቁጥሩና መለኪያው በምናውቀው ፊደል ስለሚጻፉ የጎማ ሥዕል ያለበትን ገጽ ፈልገው ማንበብ ይችላሉ። በቶዮታ መጻሕፍት ላይ ከ103 ኒውተን ሜትር ጎን በቅንፍ 1,050 የሚል ሌላ ቁጥር ያያሉ። ይህ በኪሎግራም-ሴንቲ ሜትር የተለካ ያው ልክ ነው። ቁጥሩን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ በጣም ይጠቅመናል።

ቁጥሩን ሲያገኙ በወረቀት ጽፈው ከክሪኩ ጋር ያስቀምጡት። በጨለማ መጽሐፍ አይገለጥም።

ምን ምን ያስፈልጋል?

- ክሪክ፣ ከመኪናው ጋር የመጣ መፍቻ ወይም መስቀለኛ መፍቻ
- በዳዶው መጠን የሆነ ቡሶላ (ለአብዛኛው ቶዮታ የቤት መኪና 21፣ ለሆንዳ 19)
- ቶርክ መፍቻ፣ ማለትም ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ የሚናገር መፍቻ
- የሽቦ ብሩሽና ንጹሕ ጨርቅ
- ጎማ ሥር የሚደረጉ ሁለት ጠንካራ ድጋፎች፣ የእጅ ባትሪ፣ አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን

ቶርክ መፍቻ የመካኒክ ብቻ ዕቃ አይደለም። መርካቶ ሶማሌ ተራን ዞር ዞር ቢሉ ከሌሎች የመኪና ዕቃዎች ጋር ያገኙታል። ሲገዙ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር አካባቢ የሚለካውን ይምረጡ፤ ለአብዛኛው የቤት መኪና ይበቃል። ሦስት ነገር ይጠንቀቁለት፦ ዳዶ አይፍቱበት፣ አይጣሉት፣ ሲጨርሱም እጀታውን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰው ያስቀምጡት። ውስጡ ያለው ሞላ እንደተጨነቀ ከከረመ መዋሸት ይጀምራል።

ደረጃ በደረጃ

1. መኪናውን ያቁሙ። ሜዳና ጠንካራ መሬት ይምረጡ። የእጅ ፍሬን ይሳቡ፤ ማርሽ አንድ ላይ፣ አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ ያድርጉ። ከሚነሳው ጎማ በሰያፍ ያለውን ጎማ ከፊትና ከኋላ ይደግፉ። ድጋፉ ድንጋይ ከሆነ ሲጨርሱ ከመንገዱ ያንሱት፤ እርስዎን ያዳነ ድንጋይ ማታ ላይ ሌላውን ይገለብጣል።

2. ሳያነሱ ያላሉ። ጎማው መሬት ላይ እያለ እያንዳንዱን ዳዶ ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል ያላሉ፤ አይፍቱት። ጎማው ከተነሳ በኋላ ግን አብሮ እየዞረ ያስቸግርዎታል፤ ሲታገሉም መኪናው ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል። (በአንዳንድ አሮጌ ከባድ መኪኖች የግራ ጎን ዳዶዎች ወደ ቀኝ ነው የሚፈቱት። የቤት መኪና ከያዙ ይህ አያሳስብዎ።)

3. ያንሱ። ክሪኩን አምራቹ በወሰነው ቦታ ብቻ ይደግኑ። ከመኪናው ሥር እጅዎንም ሆነ እግርዎን አያስገቡ።

4. ገጾቹን ያጽዱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ጎማው ሲወጣ የሞዞውን ገጽና የቸርኬውን ጀርባ ይመልከቱ። ዝገት፣ ጭቃ ወይም የተፈረፈረ ቀለም ካለ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉና በጨርቅ ይጥረጉ። በተለይ ቸርኬ አስቀብተው ከሆነ ቀለሙ ከጀርባውና ከዳዶው መቀመጫ ላይ መነሳት አለበት። ዛሬ በሁለቱ ብረቶች መካከል የተቀበረ የቀለም ንጣፍ ወይም ዝገት ነገ ይደቅቃል፤ እሱ ሲሳሳ ዳዶው ሳይዞር ይላላል። «በልኩ አስሬው ላላብኝ» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው እዚህ ነው።

5. ብሎንና ዳዶውን ይመርምሩ። ጥርሱ የተበላ፣ የዛገ ወይም የተንጋደደ ካለ ይቀየር። የዳዶው መቀመጫ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት። አንዳንዱ ዳዶ ሾጣጣ፣ አንዳንዱ እንደ ኳስ የከበበ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጠፍጣፋ ሆኖ ሮንዴላ ያለው ነው። ሾጣጣ ለሆነ ቀዳዳ ጠፍጣፋ ዳዶ ከታሰረ ቁጥሩ ቢሞላም አልያዘም። የአሉሚኒየም ቸርኬ አስገጥመው የብረት ተቀያሪ ጎማ ከያዙ፣ ዳዶው ለሁለቱም መሆኑን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

6. በእጅ ይጀምሩ። ጎማውን ሰቅለው ሁሉንም ዳዶ በጣትዎ ያዙሩ፤ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ቸርኬው ይሁን። ቢያንስ አራት አምስት ዙር ያለ ትግል መግባት አለበት። ከመጀመሪያው ከታገለዎ ጥርሱን አጣምሞ እየገባ ነው፤ መልሰው ፈተው ይጀምሩ። እንደ ቮልስዋገን ባሉ መኪኖች በዳዶ ፈንታ ብሎኑ ራሱ ነው ሞዞው ውስጥ የሚገባው። ያኔ ጎማውን በጉልበትዎ ደግፈው የላይኛውን ብሎን መጀመሪያ ያስገቡ።

7. በሰያፍ ያቀራርቡ። ጎማው እንዳለ በአየር ላይ፣ በመፍቻ ቀስ ብለው ሁሉንም ያስጠጉ። ቅደም ተከተሉ ክብ አይሁን። ዳዶዎቹን እንደ ሰዓት አቆጣጠር ቁጥር ሰጥተው እንዲህ ያጥብቁ፦ አራት ከሆኑ 1፣ 3፣ 2፣ 4፤ አምስት ከሆኑ 1፣ 3፣ 5፣ 2፣ 4፤ ስድስት ከሆኑ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3፣ 6። አምስቱን በዚህ ተራ ሲሄዱ እጅዎ ኮከብ ይሥላል። ጎረቤት ለጎረቤት ከታሰረ ግን ቸርኬው በአንድ ወገን ተጣብቆ በሌላው ይከፈታል።

8. ያውርዱ። ጎማው መሬት ነክቶ እንዳይዞር እስኪሆን ድረስ ብቻ ክሪኩን ዝቅ ያድርጉ።

9. በሁለት ዙር ያጥብቁ። ቶርክ መፍቻውን በመጀመሪያ በግማሹ ልክ ይሙሉ፤ ለኮሮላ 50 ያህል። በኮከቡ ተራ ሁሉንም ያዳርሱ። ከዚያ ወደ 103 ከፍ አድርገው ይድገሙት። እጀታውን መሃሉ ላይ ይዘው በዝግታ፣ ሳይነጥቁ ይሳቡ። «ቀጭ» ሲል ያቁሙ። «ለማንኛውም» ብለው አንዴ አይጨምሩ፤ ያቺ «ለማንኛውም» ናት ልኩን የምታበላሸው።

10. አንድ ጊዜ ይዙሩ። መኪናውን ሙሉ በሙሉ ካወረዱ በኋላ በዚያው ቁጥር ሁሉንም አንድ ጊዜ ይፈትሹ። በኋላ የታሰረው ዳዶ ቸርኬውን ሲያስጠጋ ቀድሞ የታሰረው ትንሽ ላልቶ ሊገኝ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍሬኑ የጋለ ጎማ ላይ የመጨረሻውን ልክ አይስጡ። ለምሳሌ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደው ጎማ ቢቀይሩ፣ ሞዞውና ብሎኑ በሙቀት ተለጥጠዋል። ለጉዞ በሚበቃ ልክ አስረው፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለኩት።

ቶርክ መፍቻ ከሌለ

እዚህ ላይ ነው ጀሪካኑ የሚመጣው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት 1,050 ምን ማለት ነው? ኪሎና ሴንቲ ሜትር ሲባዙ ማለት ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ቢሳብ፣ 21 በ50 ሲባዛ 1,050 ይሆናል። 21 ኪሎ ደግሞ ሁላችንም እጅ ላይ ያለ ሸክም ነው፤ ውኃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን፣ ከነጀሪካኑ። የኮሮላና የቪትዝ ዳዶ የሚፈልገው ጉልበት ይኸው ነው፦ በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ በአንድ እጅ ከመሬት የማንሳት ያህል።

ሒሳቡ ለማንኛውም መፍቻ ይሠራል። ከዳዶው መካከል እስከ እጅዎ መያዣ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለኩና 1,050ን ለዚያ ያካፍሉ፦

- 25 ሴንቲ ሜትር፦ 42 ኪሎ፣ ሁለት ጀሪካን
- 30 ሴንቲ ሜትር፦ 35 ኪሎ
- 35 ሴንቲ ሜትር፦ 30 ኪሎ
- 50 ሴንቲ ሜትር፦ 21 ኪሎ፣ አንድ ጀሪካን

መኪናዎ ሌላ ልክ ካለው ኒውተን ሜትሩን በ10 ያባዙና ለመፍቻው ርዝመት ያካፍሉ። ለ85 ኒውተን ሜትርና ለ35 ሴንቲ ሜትር መፍቻ 24 ኪሎ ያህል ይመጣል። ከትክክለኛው ስሌት ጋር ያለው ልዩነት ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ስለሆነ አይጎዳም።

ከግምት ይልቅ በሚዛን መለካት ከፈለጉ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የሚመጣበት ቤት ሁሉ የሻንጣ መንጠቆ ሚዛን አይጠፋም። እንዲህ ያድርጉ፦ መፍቻውን ዳዶው ላይ ሰክተው እጀታውን ወደ ግራዎ ያጋድሙት፤ ሚዛኑን ጫፉ ላይ ያንጠልጥሉና ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ጉልበትዎን አጥፈው፣ ጀርባዎን አቅንተው። ሚዛኑ 30 ሲል (በ35 ሴንቲ ሜትር መፍቻ) ያ ዳዶ ልኩን አግኝቷል። እጀታው አግድም፣ ስበትዎ ቀጥ ያለ ካልሆነ ግን ሚዛኑ ያሳስትዎታል። ይህ ዘዴ ቶርክ መፍቻን አይተካም፤ ቶርክ መፍቻ ያለው ጋራዥ እስኪደርሱ በዓይነ ጭፍን ከማሰር ግን በብዙ ይሻላል።

በዚህ ሒሳብ እግር ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ሴንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም 70 በ40፣ 2,800 ይሆናል፤ ከኮሮላው ልክ ሁለት ጊዜ ተኩል በላይ። ያው ሰው በ1 ሜትር ቱቦ ቢጫነው 7,000 ይሆናል፤ ይህ በከባድ የጭነት መኪና ዳዶ ደረጃ ያለ ጉልበት ነው። በጣርማ በር ያገኘሁት ረዳት የተናገረው ቀልድ አልነበረም። ቱቦና እግር በከባድ መኪና ሠፈር ምክንያት አላቸው፤ ስሕተቱ ልማዱን እንዳለ ወደ ትንሿ መኪና ማምጣቱ ላይ ነው።

ጎሚስታ ቤት ሲሄዱ

በአየር የሚሠራው መፍቻ ለመፍታት ድንቅ ነው። ለማሰር ሲውል ግን ልኩን የሚያውቀው የለም፤ የያዘው ልጅም ቢሆን ድምፁን ሰምቶ ነው የሚገምተው። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር፣ ሳይታሰር በፊት፣ በትሕትና ይንገሩት፦ «ወንድሜ፣ በአየሩ ፍታልኝ፤ ስታስር ግን በእጅ አስጠጋልኝ፣ የመጨረሻውን እኔ በቶርክ እጨርሰዋለሁ።» ሥራውን የናቁበት እንዳይመስለው ምክንያቱን ይጨምሩለት፦ «መንገድ ላይ በዚህች መፍቻ ራሴ መፍታት አለብኝ።» ይህን የማይረዳ ጎሚስታ አላጋጠመኝም።

ቸርኬ እንዳይሰረቅ በልዩ ቁልፍ የሚፈታ ዳዶ ካስገጠሙ፣ በእሱ ላይ የአየር መፍቻ እንዳያሳርፉበት ይጠይቁ፤ ቁልፉ በቀላሉ ይሰበራል። ከመሄድዎ በፊትም ቁልፉ ወደ ቦታው መመለሱን ይዩ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ

አዲስ የታሰረ ጎማ ጥቂት ሲነዳ ገጾቹ ይበልጥ ይቀማመጣሉ፤ በአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ይህ ይብሳል። ስለዚህ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቶርክ መፍቻውን በዚያው ቁጥር ሞልተው ሁሉንም ይፈትሹ። ፈትተው አይጀምሩ፤ ዝም ብለው ወደ ማጥበቂያው ይሳቡ። ሳይዞር «ቀጭ» ካለ ጨርሰዋል። ትንሽ ዞሮ «ቀጭ» ካለ ቸርኬው ቦታውን እየያዘ ነበር፤ ከሌላ 50 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ይድገሙት። በየጊዜው የሚላላ ከሆነ ግን ማጥበቁ መፍትሔ አይደለም። ዝገት፣ ቀለም፣ የማይገጥም ዳዶ ወይም የደከመ ብሎን አለና መካኒክ ይየው።

ሳይዘገይ ማቆምን የሚጠይቁ ምልክቶች

- በቀስታ ሲነዱ ከጎማ አካባቢ የሚሰማ «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ
- ጎማ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ የመሪ ወይም የወንበር መንቀጥቀጥ
- ከዳዶው ሥር ጀምሮ በቸርኬው ላይ የተዘረጋ የዝገት መስመር
- በዳዶው ዙሪያ አዲስ የተፋቀና የሚያብረቀርቅ ብረት

ከእነዚህ አንዱን ካዩ ዳር ይዘው ይቁሙና ዳዶዎቹን ይፈትሹ። አንድ ብሎን ከተበጠሰ ቀስ ብለው ወደ ቅርቡ ጋራዥ ይሂዱ፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ግን አይንዱ፣ ያስጎትቱ። መካኒኩ የተበጠሰውን ብቻ ቀይሮ እንዳይሸኝዎ። የሱን ሸክም ሲሸከሙ የነበሩት ግራና ቀኝ ጎረቤቶቹም ደክመዋልና አብረው ይቀየሩ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከተበጠሱ የዚያ ጎማ ብሎኖች በሙሉ መቀየር አለባቸው።

የዛሬ የቤት ሥራ

ይህን ካነበቡ በኋላ መንገድ እስኪወጡ አይጠብቁ። ዛሬ መኪናዎ ግቢ ቆሞ ሳለ ከኋላ ያለውን መፍቻ ያውጡና እያንዳንዱን ዳዶ ለማላላት ይሞክሩ። አንድ ባንድ፣ አላልተው መልሰው በልኩ እያሰሩ። በሰውነትዎ ጉልበት ያልተፈታ ካለ፣ ነገውኑ ቱቦም ረዳትም ወዳለበት ጋራዥ ወስደው ያስፈቱት። በቤተሰቡ መኪናውን የሚነዳ ሌላ ሰው ካለም እሱም ይሞክረው፤ እሷም ትሞክረው። መፍቻው አጭር ሆኖ ካስቸገረ ረዘም ያለ ይግዙ።

እኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ ሁለት ነገር ከመኪናዬ አይጠፋም፦ 50 ሴንቲ ሜትር መፍቻና በላዩ በቀለም የተጻፈ «21 ኪሎ» የሚል ቁጥር። የተቀነጠሰውን ብሎንም አልጣልኩትም። ጎማ የሚያስርልኝ ሰው «ትንሽ ልጨምርበት?» ሲለኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ።